የአድማሱ ልብና የማንተግቦሽ ትዕግሥት

ማንተግቦሽ ትዕግሥት የላትም። ሜልበርን፣ ዳንደኖንግ ሰፈር ያለ የቤተ ክርስቲያኗ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ እሷም ብትሆን አትክድም። አውቶቡስ ሁለት ደቂቃ ከዘገየ ሹፌሩን ትቆጣለች። ጸሎት ረዘም ካለ አንድ ዓይኗን ገልጣ ሰዓቷን ታያለች። እንግዲህ እንዲህ ያለችዋን ሴት ነው እግዚአብሔር ከአድማሱ ጋር ያጣመራት፤ ቤቱ እየተቃጠለ "ሞቅ አለን፣ ተመስገን" ከሚል ሰው ጋር!

ጉለሌ ተወልዳ ያደገች ናት። ናይሮቢ አራት ዓመት ተንገላታ ሜልበርን ስትገባ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ አንድ ሻንጣና ይህንኑ "ተመስገን" ባይ ባሏን ይዛ ነው የመጣችው። መጀመሪያ ዶሮ ፋብሪካ ሠራች፤ ብርዱ ጣቶቿን ሲያደነዝዛቸው ተወችው። ከዚያ ሆስፒታል ጽዳት ገባች። የልብ ክሊኒኩ ያለበትን ሦስተኛ ፎቅ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምራ ስታጸዳ አሥር ዓመት ሊሞላት ነው። ወለሉን፣ ደረጃውን፣ የዶክተሮቹን ክፍል፣ ሁሉንም።

በዚያ ፎቅ፣ ኤሌኒ የምትባል ግሪካዊት ዶክተር ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ የፕላስቲክ ልብ አለ። እየተከፈተ ይገጣጠማል። ማንተግቦሽ በየቀኑ ትከፍተዋለች፣ አቧራውን ትጠርጋለች፣ መልሳ ትገጥመዋለች። ውስጡን ከቁም ሳጥኗ በላይ ታውቀዋለች። ከላይ ሁለት ክፍል፣ ከታች ሁለት ክፍል፤ ቀኝና ግራውን የሚለይ ወፍራም ግድግዳ፤ በቀኝ በኩል ከላይ ወደ ታች የሚያሳልፍ ባለሦስት ቅጠል በር። ግድግዳው ላይ በቢጫ ቀለም የተሳለ ቀጭን መስመር አለ፤ ከላይ አንድ ሆኖ ይመጣና ወረድ ሲል ቀኝና ግራ ይከፈላል። ያ ቢጫ መስመር ምን እንደሆነ ለብዙ ዓመት ጠይቃ አታውቅም። አቧራ ይይዛል፣ ይጠረጋል፣ አለቀ።

ጉዱ የመጣው በፈረንጆቹ 2016 ነው። አድማሱ ከሚሠራበት የጎማ መጋዘን ውስጥ ቆሞ ሲያወራ ድንገት ተዝለፍልፎ ወደቀ። ሆስፒታል ሲደርስ ልቡ በደቂቃ የምትመታው ሠላሳ ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር። የላይኛው ክፍል ያዛል፣ ትእዛዙ ግን መንገድ ላይ ይቀራል፣ ታች አይደርስም አሏቸው። በዚያው ሳምንት ከግራ ትከሻው ሥር ከቆዳው ውስጥ የክብሪት ሳጥን የምታህል መሣሪያ አስገቡለት። ከመሣሪያዋ ሁለት ሽቦ በደም ሥር ወረደ፤ አንዱ የላይኛው ክፍል ቀረ፣ ሌላው ባለሦስት ቅጠሉን በር አልፎ የቀኙ የታች ክፍል ጫፍ ላይ ተተከለ። አድማሱ ድኖ ተነሣ። በሁለተኛው እሑድ መድረክ ላይ ወጥቶ መሰከረ፣ ጉባኤው በእልልታ ቀለጠ፣ ሽማግሌው ጋሽ እሸቱ እያለቀሱ አቀፉት። ማንተግቦሽም አለቀሰች። የምር ደስ ብሏት ነበር።

ከዚያ በኋላ በየስድስት ወሩ መሣሪያዋን ያስፈትሻል። ፈታሹ "እንዴት ነህ?" ይለዋል። አድማሱ "ቬሪ ጉድ፣ ታንክ ጎድ!" ይላል። ፈታሹ "ምንም አይሰማውም" ብሎ ይጽፋል። ማንተግቦሽ በዚያ ሰዓት ሁለት ኮሪደር ርቃ መወልወያዋን ይዛ ወለል ትወለውላለች፤ ባሏ ምን እንደሚመልስ አትሰማም።

እውነቱን ለመናገር ይህ የአድማሱ ብቻ አመል አይደለም። እኛ ሰው "እንዴት ነህ" ሲለን በትኩሳት እየነደድን "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን" እንላለን። ሕመሙን የሚዘረዝር ሰው እንደ አማራሪ ይቆጠራል። በዚያ ላይ አድማሱ መስክሯል። "ፈውሶኛል" ብሎ በማይክሮፎን የተናገረ ሰው ምን ብሎ ተመልሶ "ደከመኝ" ይላል? ለእሱ ድካምን በአፍ ማውጣት ለድካም በር መክፈት ነው። ማንተግቦሽም ታምናለች፤ ግን የሷ እምነት ሐኪም ፊት አፍን እስከ መዝጋት ድረስ አይሄድም።

በ2019 መጋቢት አካባቢ ዳንደኖንግ ገበያ አብረው ሄዱ። አድማሱ አንድ ከረጢት ሽንኩርት ይዟል። ሃያ እርምጃ ይሄድና የስልክ ሽፋን የሚሸጥበት ሱቅ ፊት ይቆማል፣ አተኩሮ ያያል። እንደገና ሃያ እርምጃ ይሄድና የመጋረጃ ሱቅ ፊት ይቆማል። ሦስተኛ ላይ የሴት ጫማ መስኮት ፊት ቆሞ ባለተረከዙን ሲያስተውል ማንተግቦሽ "ምነው፣ ልትገዛልኝ ነው?" ልትለው ዞረች። ከንፈሩ ነጥቷል። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ጫማውን አላየውም፤ ትንፋሹን እየሰበሰበ ነበር። ለካስ ይህ ሰው ስንት ወር ሙሉ እንዲህ ሱቅ ለሱቅ እየቆመ ሲያታልላት ከርሟል!

"አድማሱ፣ ትንፋሽ ያጥርሃል።"

"ማን? እኔ? ኧረ ተመስገን ነው።"

"በአንድ ትራስ ነበር የምትተኛው። አሁን ሦስት ሆኗል።"

"አንገቴን አሞኝ ነው።"

"አንገቴን ማለት ከቻልክ ልቤን ማለት ምን ያቅትሃል?"

"ማንቴ፣ ዝም አይነቅዝም።"

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውንስ ማን ተረተው? ጎረቤት?"

ሳቀ። ይኸው ነው የሚያሳብዳት፤ ይስቃል። ፖይንት ኩክ ለምትኖረው ልጃቸው ለሃሌሉያ ደወለች። ሃሌሉያ በስልክ "ዳድ፣ ፕሊዝ፣ ጀስት ቴል ዘ ዶክተር!" ብላ ጮኸችበት። "እሺ የኔ ልጅ፣ እነግራታለሁ" አለ። ሃሌሉያ አመነችው። ማንተግቦሽ ግን ሠላሳ ዓመት አብራው ኖራለች፤ እንዲህ ያለው "እሺ" ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች።

ግንቦት ላይ ዶክተሯ ጋ ቀጠሮ ነበረው። ማንተግቦሽ ከሥራ ቀን ጠይቃ አብራው ገባች። አስተርጓሚዋ በስልክ ነበረች፤ "ተረፈች እባላለሁ፣ የተባለውን ሁሉ እተረጉማለሁ" አለች። ዶክተር ኤሌኒ ያንን የፕላስቲክ ልብ ከፈተችው። ማንተግቦሽ ከጠዋቱ ነበር የጠረገችው።

"ሽቦው ያለው እዚህ ጫፍ ላይ ነው" አለች ዶክተሯ በእስክርቢቶ እያሳየች። "ከዚህ ሲቀሰቀስ ቀኙ ቀድሞ ይኮማተራል፤ ግራው ዘግይቶ ይከተለዋል። ደም ለመላው ሰውነት የሚረጨው ግራው ነው። ብዙ ልብ ይህን ይችለዋል፣ አንዳንዱ ግን በዓመታት ውስጥ ይዝላል። የእርስዎ ልብ በአንድ ምት ከሚይዘው ደም ስልሳ በመቶውን ይረጭ ነበር፤ አሁን አርባ ገብቷል።"

ከዚያ እስክርቢቶውን ወደ ቢጫው መስመር አመጣችው። "ተፈጥሮ የሠራችው መንገድ ይህ ነው። ትእዛዙ በዚህ ግንድ ወርዶ፣ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ፣ ለቀኝና ለግራ እኩል ይዳረሳል። አሁን ሽቦውን እዚሁ መንገድ ላይ መትከል ጀምረናል። ያኔ ሁለቱም ወገን አብሮ ይኮማተራል። ግን ቦታው በጣም ጠባብ ነው። መሣሪያው ያለበትን የቆዳ ኪስ እንደገና መክፈት ደግሞ ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ የሚደክመው ሰው ከሆነ ቶሎ እንሠራለን፤ ምንም የማይሰማው ከሆነ ትንሽ እንጠብቃለን።"

ማንተግቦሽ ዓይኗን ከቢጫው መስመር መንቀል አቃታት። ስንት ዓመት በጥጥ ስትጠርገው!

"እና አቶ አድማሱ" አለች ዶክተሯ፣ "ሲራመዱ፣ ደረጃ ሲወጡ እንዴት ነዎት?"

አድማሱ ወንበሩ ላይ ቀጥ አለ። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ። እሷስ እንዴት ናት? ልጆቿስ ደህና ናቸው?"

ተረፈች ይህንን አንድም ሳታስቀር ተረጎመችው። ዶክተሯ ፈገግ ብላ "ደህና ናቸው" አለችና መጻፍ ጀመረች።

"ይዋሻል!" አለች ማንተግቦሽ። "ሦስት ትራስ ነው የሚተኛው! ገበያ ሲሄድ የሴት ጫማ ያያል!"

"እህቴ፣ አንድ በአንድ ብትናገሪልኝ" አለች ተረፈች። "የሴት ጫማውን አልገባኝም።"

"ሚስቴ ስለምትወደኝ ትጨነቃለች" አለ አድማሱ ለስላሳ አድርጎ። ይህም ተተረጎመ። ዶክተሯ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየች። አንዷ ቀይ ሆና ትጮኻለች፣ ሌላው ረጋ ብሎ ፈገግ ይላል። ማንን ታምን? "በመጨረሻ ሰውነቱን የሚያውቀው እሱ ነው" አለች። "ነሐሴ ላይ ምርመራውን እንደግማለን።"

ከከተማ እስከ ዳንደኖንግ ባቡሩ ውስጥ አላናገረችውም። እሱ በመስኮት እያየ መዝሙር ያንጎራጉር ነበር። ግራ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ መሐል መሐል ላይ ትንፋሽ እየወሰደ። በማግስቱ ጠዋት ያንን የፕላስቲክ ልብ ስትጠርግ ንዴቷ ተነሣባትና ግድግዳ ላይ ልትወረውረው እጇን አነሣች። ደግሞ ዕቃው የመንግሥት ነው ብላ መልሳ ገጠመችው።

ክረምቱ ገባ። አድማሱ ወንበር ላይ መተኛት ጀመረ፤ "ቴሌቪዥን እያየሁ እንቅልፍ ወሰደኝ" ይላል። ካልሲው እግሩ ላይ ጎድጓዳ መስመር ያወጣል። ሥራ ቦታው ሰው ሲያግዘው "ወጣቶቹ ያከብሩኛል" ይላል። ለሁሉም መልስ አለው! ማንተግቦሽ ጸለየች፣ ለመነች፣ ጮኸች፣ አንድ ቀን ሳህን ሰበረች። ጋሽ እሸቱን ሳይቀር ቤት ድረስ ጠርታ "ይንገሩልኝ" አለች። ሽማግሌው "ልጄ፣ ሐኪምንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው፣ ተናገር" አሉት። "አሜን" አለ አድማሱ፣ በጣም ደስ ብሎት። አሜን ብሎም ዝም አለ።

የነሐሴው ቀጠሮ ቀን ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ ማንተግቦሽ የወሰነችውን ይዛ ነው የመጣችው። "ሊፍቱ ተበላሽቷል" አለችው። "ሠራተኛ ስለሆንኩ አውቃለሁ። በደረጃ እንውጣ።"

አድማሱ ደረጃውን ቀና ብሎ አየ። "እሺ" አለ።

ደረጃው ስልሳ ስድስት ነው፤ አንድ በአንድ ወልውላዋለች፣ ቁጥሩን ማንም ሊነግራት አይችልም። ሐሳቧ ቀላል ነበር። ዶክተሯ ፊት እያለከለከ ይግባ፤ አፉ ቢዋሽ ደረቱ አይዋሽም። የመጀመሪያውን ፎቅ ወጡ። አድማሱ የደረጃውን ብረት ያዘ። "ትንሽ እንረፍ?" አለችው። "ኧረ ምንም አይደል" አለ። ሁለተኛው ላይ ደግማ ስትጠይቀው ለመመለስ ትንፋሽ አጣ። ወደ ሦስተኛው ሲያጋምሱ ብረቱን እንደያዘ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፤ ትንፋሹ ሲወጣ ሲገባ ውሃ እንዳለበት ዕቃ ይንቦጫረቃል።

ማንተግቦሽ ያኔ ነው ምን እንዳደረገች የገባት። ወይኔ! ለዶክተር ላሳየው ብዬ በገዛ እጄ ልገድለው ነው! እግዚአብሔር ሆይ፣ ዛሬን ብቻ ማርልኝ፣ ሁለተኛ አልጮኽበትም። "ኸልፕ! ኸልፕ!" እያለች ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ረግጣ ወጣች፤ በሩን በሁለት እጇ ገፍታ ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ የምታውቃቸው ነርሶች ሮጡ። በዊልቸር አምጥተው አልጋ ላይ አወጡት፣ ኦክስጅን አደረጉለት። ዶክተር ኤሌኒ መጣች። ተረፈችም በስልክ መጣች።

"አቶ አድማሱ፣ እንዴት ነዎት?"

አድማሱ የኦክስጅኑን ጭንብል በእጁ ከፍ አደረገ። "እግዚአብሔር... ይመስገን" አለ። "ደህና..."

አስተርጓሚዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተረጎመችው። መተርጎሙ ያሳፈራት ይመስል ነበር። ዶክተሯ የአድማሱን እግር በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው፤ ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ። "የዛሬውን መልስ የምጽፈው እኔ ነኝ" አለችና አልጋ ያዘችለት። በዚያው ቀን በተነሣው ምስል ልቡ የሚረጨው ሠላሳ ሁለት በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

አራት ቀን በመርፌ በሚሰጥ መድኃኒት ውሃውን ከሰውነቱ አወጡለት። በአምስተኛው ቀን ለአዲሱ ሽቦ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ገባ። ማንተግቦሽ ያንን ክፍል ታጸዳዋለች፣ በሩን በመታወቂያዋ መክፈት ትችላለች፤ ያን ቀን ግን ውጭ ወንበር ላይ ተቀመጭ ተባለች። ሁለት ሰዓት ተኩል። አንዱ ሰዓት ሲያልፍ "አልቋል ማለት ነው?" አለች። "ገና ነው" አሏት። ማንም ምንም አይነግራትም። የምትወለውለው ወለል እንኳ ቢኖራት ይሻላት ነበር።

ዶክተሯ ወጣች፤ የልቡ ምት የታተመባቸው ሁለት ወረቀት ይዛለች፤ ተረፈችም በስልክ አለች። "በመጀመሪያ የሞከርነው እላይ፣ በሩ አጠገብ፣ ግንዱ ላይ ነበር" አለች። "ሽቦው ቦታውን አገኘ፣ ግን ልብን ለመቀስቀስ በጣም ብዙ ኃይል ጠየቀን፤ መንገዱ የተበላሸው እዚያው አካባቢ ነው። ስለዚህ ዝቅ ብለን ሽቦውን በመካከለኛው ግድግዳ ውስጥ ወደ ግራ በኩል እያዞርን አስገባነው። እዚያ የግራውን ቅርንጫፍ አገኘነው።" ወረቀቶቹን አሳየቻት። በድሮው ላይ እያንዳንዱ የልብ ምት ሰፊና ዝርክርክ ተራራ ነው። በአዲሱ ላይ ቀጭን፣ ሹል፣ አንድ ላይ የተመታ። ማንተግቦሽ መስመሩን ማንበብ ባትችልም ልዩነቱን አየችው።

"ታዲያ ድሮውኑ ለምን እዚያ አልተከላችሁትም?" አለች። ቁጣዋ ከደስታዋ ቀድሞ ወጣ።

ዶክተሯ አልተቀየመችም። "ከሦስት ዓመት በፊት እኛ ይህን አንሠራም ነበር" አለች። "ሁሉም ሰው የሚተክልበት ቦታ ነው የተከልነው። ሕመሙን ቶሎ ብናውቅ ኖሮ ግን ከዓመት በፊት እንቀይርለት ነበር።"

አንድ ዓመት! በአንዲት ቃል!

ከዚያ በሦስተኛው ቀን ወደ ቤት ሊሄዱ ወጡ። አድማሱ ልብሱን ለብሷል፣ ኮሪደሩን ያለ እረፍት ተራምዶ ጨርሷል፣ ከንፈሩ የሰው ከንፈር ሆኗል። ሊፍቱ ጋ ሲደርሱ ማንተግቦሽ ቁልፉን ተጫነችው። በሩ ተከፈተ። ያኔ ደንግጣ ባሏን አየችው።

"አድማሱ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ያን ቀን ሊፍቱ አልተበላሸም ነበር። ዋሽቼህ ነው።"

"አውቃለሁ" አለ።

"ምን?"

"ገና ስንገባ አንዲት አሮጊት ከውስጡ ስትወጣ አይቻለሁ።"

ማንተግቦሽ ቦርሳዋን ጣለችው። በሩ ተዘጋና ሊፍቱ ያለ እነሱ ወረደ። "ታዲያ ለምን ወጣህ? ለምን? ሰው እያወቀ እንዴት..."

አድማሱ ወለሉን ያይ ነበር። "ማንቴ፣ አልወጣ አለኝ። ከቤት ስነሣ ዛሬ ለዶክተሯ እነግራታለሁ ብዬ ነው የምነሣው። ሁልጊዜም እንዲያ ብዬ ነው። ስትጠይቀኝ አፌ ራሱ ተመስገን ይላል። ደረጃውን ስትይኝ፣ በቃ፣ እግሬ ይናገርልኝ አልኩ።"

"ሞተህብኝስ ቢሆን?" ብላ ጮኸች። እንባዋ ወርዷል፤ ለመጥረግም አልሞከረችም። ነርሶቹ ዞረው አይዋት። "ደረጃው ላይ ሞተህብኝስ ቢሆን፣ አንተ ሰውዬ! ምን ብዬ ልኖር ነበር?"

አድማሱ ጎንበስ ብሎ ቦርሳዋን አነሣላት።

"እሱን ነው የፈራሁት" አለ። "በጣም ነው የፈራሁት።"

በሠላሳ ዓመት ትዳራቸው ፈራሁ ሲል ሰምታው አታውቅም ነበር። እጁን ይዛ እንደገና ሊፍቱን ጠራችው።